ጉንፋን በላብ አይወጣም
ከቫይረስ ሕመም በኋላ የሯጭ ልብና ሳንባ

ረቡዕ ማታ ነው፤ ወሩ ኅዳር። የታናሽ ወንድሜ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ ግን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ አልጋ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቴርሞሜትሩ 38.7 ያሳያል። እናታችን "ምች ነው የመታው" ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ በቡና አጠጥታዋለች። አብረውት የሚለማመዱት ጓደኞቹ ደግሞ በስልክ ሌላ መድኃኒት አዘዙለት፤ "እሑድ ተነሥተህ ሩጥ። ጉንፋን በላብ ነው የሚወጣው።"

ዓርብ ዕለት ትኩሳቱ ለቀቀው። እሑድ ማለዳ ማስታገሻ ክኒን ዋጠና ወጣ። እስከ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ከሕዝቡ ጋር እየጨፈረ ነበር የሄደው። ሰባተኛው ላይ ደረቱን ጨመደደው። የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ሕመሙ ረገብ ይላል፤ ቀና ሲል ይመለሳል። ድካም ነው ብሎ ቀሪውን በእግሩ ጨረሰ፤ ሜዳልያውንም አንገቱ ላይ አድርጎ ቤት ገባ። ሌሊት ግን በጀርባው መተኛት አልቻለም። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ኢሲጂ ተነሣ፣ ደም ሰጠ። የልቡ ሽፋን ተቆጥቷል፤ ጡንቻውንም ትንሽ ነክቶታል ተባለ። ለ3 ወር ሩጫ ቀርቶ ደረጃ በፍጥነት መውጣት እንኳ ተከለከለ። ዕድሜው 31 ነው። ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፤ ከቤታችን ሁሉ ጤነኛው እሱ ነበር።

በእርግጥ ኅዳርና ሕመም በአዲስ አበባ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው የሚታጠነው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ ነው። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ዛሬም ታላቁ ሩጫ የሚካሄደው ማለዳው በሚቀዘቅዝበት፣ በየቤቱ ሳል በሚሰማበት በዚሁ ሰሞን ነው። ስለዚህ የወንድሜ ጥያቄ በየዓመቱ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፤ አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል፣ ልሩጥ ወይስ ልቅር?

ቫይረሱ ልብ ድረስ ሲዘልቅ

ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድ የሚመጡት በቫይረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረሱ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ሰንብቶ ይሄዳል። አንዳንዴ ግን በደም በኩል ልብ ድረስ ይዘልቃል፤ ወይም ሰውነት ቫይረሱን ለመውጋት ያስነሣው ኃይል የራሱን የልብ ጡንቻ አብሮ ይጎዳል። ይህ የልብ ጡንቻ መቆጣት በሕክምናው ስሙ ማዮካርዳይቲስ ይባላል። ልብን እንደ ከረጢት የያዘው ስስ ሽፋን ሲቆጣ ደግሞ ፔሪካርዳይቲስ። ወንድሜን የያዘው የሁለቱ ድብልቅ ነበር።

የተቆጣ የልብ ጡንቻ ያብጣል፤ ልብን የሚያስመታው የኤሌክትሪክ መልእክት የሚያልፍበት መንገድም ይረበሻል። ቤቱ ተቀምጦ የሚውል ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ብትረጭ ይበቃዋል። በኃይል የሚሮጥ ሰው ግን ከ20 ሊትር በላይ ይጠይቃታል፤ ታላላቆቹ ሯጮች ጋ ሲደርስ ከ30 ሊትርም ያልፋል። በዚያ ላይ ትኩሳት አለ፤ የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ ወደ 10 ገደማ ይጨምራል። የታመመች ልብ ይህን ሁሉ ስትሸከም ምቷ ከሥርዓት ሊወጣ ይችላል። በስፖርት ሜዳ ላይ ወጣቶች በድንገት ወድቀው ከሚሞቱባቸው የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ "በላብ ይወጣል" የሚለውን ነገር እንመልከተው። ላብ ሰውነት ሙቀቱን የሚያበርድበት ውኃና ጨው እንጂ ቫይረስ የሚወጣበት በር አይደለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተቃራኒውን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ አይጦችን ልብ የሚያጠቃ ኮክሳኪ የተባለ ቫይረስ አስያዟቸውና ከፊሎቹን ውኃ ውስጥ እንዲዋኙ አስገደዷቸው። ዋኞቹ አይጦች ልብ ውስጥ ቫይረሱ ካረፉት ይልቅ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ ተገኘ፤ የልባቸው ጉዳትም የከፋ ሆነ፤ የሞቱትም በዙ። አይጥ ሰው አይደለም፤ ሰውን በዚህ መንገድ መፈተን ደግሞ አይቻልም። ግን "አሞህ ሳለ አትሩጥ" የሚለው የስፖርት ሐኪሞች ምክር አንዱ መሠረት ይህ ነው።

በሰው ላይ የደረሰውን ለማየት ወደ ስዊድን እንሂድ። ኦሪየንቲሪንግ በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ ጫካ ለጫካ የሚሮጡበት፣ እዚያ አገር እጅግ የተወደደ ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1992 ድረስ 16 ወጣት የኦሪየንቲሪንግ ሯጮች በድንገት ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር በብዙዎቹ ልብ ላይ የጡንቻ መቆጣት ምልክት ተገኘ። ጥርጣሬው ያረፈው በቫይረስ ላይ ሳይሆን ሳንባን በሚያጠቃ አንድ ባክቴሪያ ላይ ነበር። እኔን የገረመኝ የመፍትሔው ቀላልነት ነው። ፌዴሬሽኑ ውድድሮችን ለወራት አቆመ፤ ሯጮቹም ሲያማቸው እንዲያርፉ አጥብቆ መከረ። በተከታዮቹ ዓመታት ያ የሞት ሰንሰለት ተቋረጠ። ዕረፍቱ ብቻውን አዳናቸው ብሎ መማል አይቻልም፤ ሆኖም የስፖርት ሐኪሞች ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ያነሡታል።

የአልፎንሶ ዴቪስ ሦስት ወር

የእግር ኳስ ተከታታዮች ይህን ያስታውሱታል። አልፎንሶ ዴቪስ ከላይቤሪያ ጦርነት ከሸሹ ወላጆች በጋና ቡዱቡራም የስደተኞች ሰፈር ተወልዶ ካናዳ ያደገ፣ በባየር ሙኒክ በፍጥነቱ ስም ያወጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ኮቪድ ያዘው። ተሽሎት ወደ ልምምድ ሊመለስ ሲል በተደረገለት ክትትል ምርመራ ልቡ ላይ ቀላል የማዮካርዳይቲስ ምልክት ታየ። ዕድሜው 21 ነበር። ከሜዳ ወጣ።

ያን ጊዜ ምን እንደቀረበት ይታያችሁ። ካናዳ ከ36 ዓመት በኋላ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ የምትጫወትበት ወቅት ነበር። በመጋቢት ወር ጃማይካን 4 ለ 0 አሸንፋ ማለፏን ስታረጋግጥ ዋናው ኮከቧ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ቤቱ ተቀምጦ በስክሪን ሲያይ፣ ሲያለቅስም ደጋፊዎቹ በኢንተርኔት ተመለከቱት። በሚያዝያ ወር ክትትሉ ሲፈቅድለት ከቪያሪያል ጋር በተደረገው የሻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ካታር ውስጥ ክሮኤሽያ ላይ ገና ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ጎል፣ ካናዳ በወንዶች ዓለም ዋንጫ ያገባችው የመጀመሪያው ጎል ሆነ። ጨዋታውን 4 ለ 1 ተሸነፉ፤ ጎሉ ግን በታሪክ ተጻፈ።

ይህን ታሪክ ለወንድሜ የነገርኩት ለማጽናናት ነበር። እሱ ግን ያያዘው ሌላውን ነው። "እሱ ምንም ሳይሰማው በምርመራ ነው የተገኘበት፤ እኔ ደረቴን እያመመኝ ጨረስኩት" አለኝ። እውነቱን ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው ይፍራ?

አይፍራ። ወረርሽኙ በተነሣበት ዓመት ከአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር፤ ኮቪድ ከያዛቸው 26 ስፖርተኛ ተማሪዎች መካከል በ4ቱ ልብ ላይ የመቆጣት ምልክት በኤምአርአይ ታየ። ቁጥሩ ሲሰፋ ሥዕሉ ተለወጠ። በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ሊጎች ውስጥ ከተመረመሩ 789 ስፖርተኞች በልብ መቆጣት ከጨዋታ የታገዱት 5 ብቻ ናቸው። 3,018 የዩኒቨርሲቲ ስፖርተኞችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ ልባቸው ሳይነካ አልቀረም የተባሉት 21 መሆናቸውን አገኘ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

ስለዚህ አፍንጫው ፈስሶ የዳነ ሁሉ ወደ ልብ ሐኪም ይሩጥ አይባልም። የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያም ምልክት ላይ ያተኩራል። የደረት ሕመም ወይም መጨምደድ፣ ከወትሮው የተለየ የትንፋሽ ማጠር፣ ልብ ያለ ምክንያት ድው ድው ማለት ወይም ምት መዝለል፣ ራስን መሳት ወይም ሊስቱ መድረስ የታየበት ሰው ሳይመረመር መሮጥ የለበትም። ምርመራውም በሦስት ይጀምራል፤ ኢሲጂ፣ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምረውን ትሮፖኒን የሚለካ የደም ምርመራ፣ እና ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ። እነዚህ አጠራጣሪ ነገር ካሳዩ ኤምአርአይ ይከተላል። ማዮካርዳይቲስ ከተረጋገጠ የተለመደው ዕረፍት ከ3 እስከ 6 ወር ነው፤ አሁን አሁን ሐኪሞች ጊዜውን እንደ በሽተኛው ሁኔታ ያስተካክሉታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ዓመት የሠራ ሯጭ ልብ በተፈጥሮው ሰፋ ያለ፣ ምቷም ዝግ ያለ ነው፤ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 45 ወይም 50 ብትመታ አያስደነግጥም። ኢሲጂውም ከሌላው ሰው ለየት ሊል ይችላል። ስለዚህ ምርመራ ስትሄዱ "ሯጭ ነኝ፣ በሳምንት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ከመታመማችሁ በፊት የተነሣችሁት ኢሲጂ ካለ ይዛችሁ ሂዱ።

ሳንባችን ከባሕር ጠለል በላይ

ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይተነፍሳል። በኃይል ሲሮጥ 100 ሊትር ያልፋል። ያ ሁሉ አየር የሚያልፈው ቫይረሱ ልጦ በተወው የአየር ቧንቧ ውስጥ ነው። ከጉንፋን በኋላ ቧንቧው ለሳምንታት ቁጡ ሆኖ ይቆያል፤ ለቀዝቃዛ አየር፣ ለአቧራ፣ ለመኪና ጭስ ቶሎ ይጨማደዳል። ሌላው ሕመም ጠፍቶ ሳሉ ብቻ ከ3 እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሩጫውን ጨርሰው በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ውስጥ ደረት ሲያፏጭ ወይም ሳል ሲያጣድፍ፣ የአየር ቧንቧ በእንቅስቃሴ ምክንያት መጥበቡን ያመለክታል። ይህ በሚነፋ መድኃኒት የሚታከም ነገር ነው። የአስም ችግር የነበረበት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 የቤይጂንግ አየር ብክለት አስግቶት የኦሊምፒኩን ማራቶን ቢተውም፣ በመስከረም ወር በርሊን ላይ 2:03:59 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሯል። የሳንባ ጣጣ ታውቆ ሲያዝ የሩጫ መጨረሻ አይደለም።

እዚህ ከፍታ ላይ መኖራችን ግን ሒሳቡን ይለውጠዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እንጦጦ አናት 3,000 ሜትር ያልፋል። የተወለድንበት ስለሆነ አናስተውለውም፤ ከሳንባ ምች የተነሣ ሰው ግን ያስተውለዋል። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት የገባችው ጣት ላይ የምትደረገው ኦክሲሜትርም እዚህ የምታሳየው ቁጥር ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። ከውጭ አገር መመሪያ ጋር እያስተያዩ መደንገጥ አይገባም። ጠቃሚው ጤነኛ ሳላችሁ ያለውን የራሳችሁን ቁጥር ማወቅና ከዚያ መውረዱን መከታተል ነው። ለማገገሚያ የሚሆነው ቦታም እንጦጦ ሳይሆን ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ሰዓቱም ብርዱ ሳይሰበር በሌሊት ሳይሆን ፀሐይ ሞቅ ስትል።

ከሕመም በኋላ ለቀናት አልጋ ላይ የቆየ ሰው አንድ እግሩ ብቻ ካበጠ ወይም ባቱን ካመመው፣ በዚያ ላይ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ሲተነፍስ የሚወጋ የደረት ሕመም ከመጣ፣ ወይም ደም ካሳለ፣ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። እናታችንን ደግሞ ባሕር ዛፍ መታጠኑ አፍንጫ ቢከፍትም ልብን ከመቆጣት እንደማይጠብቅ ነግረናታል። አልተቀየመችም። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ገዝታ ያስቀመጠችው አሞክሳሲሊን ቫይረስን እንደማይነካ ስንነግራት ነው የተቀየመችው።

ከአልጋ ወደ መንገድ

የስፖርት ሐኪሞች አንገትን እንደ ድንበር ይጠቀሙበታል። ችግሩ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም የአፍንጫ ፈሳሽና ቀላል የጉሮሮ መከርከር፣ ቀለል ያለ እርምጃ ይፈቀዳል። ከአንገት በታች ከወረደ፣ ማለትም ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ከደረት የሚወጣ ሳል ወይም ተቅማጥ ካለ ሩጫ የለም። ትኩሳትን በክኒን አውርዶ መውጣት ደግሞ ራስን ማታለል ነው፤ ክኒኑ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ልብ ላይ ያለውን አይነካም። የወንድሜ ትልቁ ስሕተት ሩጫው ይመስለው ነበር፤ እኔ ግን ክኒኗ ነች እላለሁ። ባይውጣት ኖሮ ሰውነቱ ራሱ ያስቀረው ነበር።

በወረርሽኙ መጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝ የስፖርት ሐኪሞች ያወጡት የመመለሻ ደረጃ እንደ መነሻ ጥሩ ነው። ቢያንስ 10 ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት ምልክት የሌለባቸው፤ ቀጥሎ ለ2 ቀን ያህል ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ፣ የልብ ምትን ከከፍተኛው ከመቶ 70 በታች የሚያቆይ እርምጃ ወይም ሶምሶማ፤ ከዚያ ደቂቃውን እየጨመሩ፣ ፍጥነቱን በመጨረሻ። ከፍተኛውን ምት ለመገመት ዕድሜን ከ220 መቀነስ ነው፤ ለ31 ዓመት ሰው 189 ይሆናል፣ ከመቶ 70ው ደግሞ 132። በኋላ የወጡ መመሪያዎች ቀላል ሕመም ለነበረበት ሰው ቀኑን አሳጥረውታል። ቅደም ተከተሉን ግን አልነኩትም።

መሣሪያ የሌለው ሰው ጣቱ ይበቃዋል። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሡ የእጅ አንጓችሁ ላይ ሁለት ጣት አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ምታችሁን ቁጠሩ፤ ደብተር ላይ ጻፉት። ከወትሮው በ10 ከበለጠ የዚያን ቀን ልምምድ ተዉት። እየሮጡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉም ለማገገሚያው ፈጥነዋል።

ውድድሩ እንጀራ ሲሆን

ለወንድሜ የቀረበት ጨዋታና ፎቶ ነው። ለሰንዳፋና ለሱሉልታ ሯጮች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ወጣቷ አትሌት በዓመት ሁለት ማራቶን ብትሮጥ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ወንድምና እህት ይማራል፣ ቤት ይሠራል። ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትኩሳት ቢይዛት ለአሠልጣኟ ትነግረዋለች? ብዙዎቹ አይናገሩም። ከቡድኑ እወጣለሁ፣ ማናጀሩ ስሜን ይሰርዛል ብለው ይፈራሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱን አትሌቷ ላይ መጫን አይገባም። ማለዳ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት "ትኩሳት ያለበት አለ?" ብሎ የሚጠይቅ፣ "አለኝ" ያለችውን ደግሞ ሳይገላምጥ ወደ ቤት የሚልክ አሠልጣኝ ያስፈልጋታል።

ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ኳስ የሚጫወቱ ከሆነም ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ልጅ ደረቴን አመመኝ ሲል "ሰነፍ" ይባላል እንጂ ኢሲጂ አይነሣም። በቅርቡ ታሞ የዳነ ልጅ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ቶሎ ቶሎ ከተቀመጠ፣ በተለይ እየሮጠ ሳለ ራሱን ከሳተ፣ ቁርስ ስላልበላ ነው ብላችሁ አትለፉት።

ወንድሜ በጥር መጨረሻ ዳግም ተመረመረ፤ ደሙና ኢኮው ደህና ነበሩ። የካቲት አጋማሽ ላይ ተፈቀደለት። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አብሬው ወጣሁ። 15 ደቂቃ ነበር የተሰጠን፤ ሰባቱን በእርምጃ፣ ስምንቱን በሶምሶማ። ሁለት ሽማግሌዎች እያወሩ አልፈውን ሄዱ። ወንድሜ ሰዓቱን አየ፤ ምቱ 128 ነበር። "ልከተላቸው?" አለኝ። ሳልመልስለት ራሱ ሳቀና እርምጃውን ቀነሰ።